የድሩ ጎጆ

«ተረት ተረት» አልኳቸው።

«የላም በረት!» አሉ አምስቱም ባንድ አፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ፣ ግራንት ጎዳና ላይ ባለው ዋናው ቤተ መጻሕፍት። ቤቱ በ1907 የተከፈተ ነው፤ ዓመቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከደጃፉ በላይ ድንጋዩ ላይ «ለሁሉም ክፍት» የሚል ቃል ተቀርጾበታል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ መጽሐፍ ያዘገየ ሰው ቅጣት አይከፍልም። ይህን ለማገኘው ወላጅ ሁሉ እናገራለሁ፤ ቅጣቱን ፈርቶ ልጁን መጽሐፍ የማያስወስድ አባት አጋጥሞኝ ያውቃልና።

ከአምስቱ ልጆች ታናሿ ወረቀቷን በክርኗ ከልላ ተቀምጣለች። ስለ አያቷ ጽፋ ያስገባችው ድርሰት ነው፤ ታርሞ ተመልሶላታል። ቀዩን ምልክት ቆጠርኩት፤ 27 ቦታ ነው።

«ጋሼ፣ አንተ አስተካክለህ ጻፍልኝና እኔ እገለብጠዋለሁ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ፣ «ካልሆነም ስልኬ ባንድ ጊዜ ይጽፍልኛል» ብላ ጨመረች።

እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ተረቱን ጀመርኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጣና ዳር የሚኖሩ ሸማኔ ወፎች ዕጣ ወጣላቸው። ሸማኔ ወፍ ባሕር ተሻግሮ የሚሰደድ ወፍ አይደለም፤ ከተወለደበት ግራር ብዙም አይርቅም። ዕጣ ግን ዕጣ ነው። አንዱ ሄደ፤ እሱ እህቱን ጠራ፤ እህቱ ባሏን ጠራች። እንዲህ እንዲህ እያሉ የኦለንታንጂ ወንዝ ከሳዮቶ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት አገር መንደር ሠሩ። ከሞቃዲሾ በኩል የመጡ ወፎች ቀድመዋቸው ሰፍረው አገኟቸው፤ ከሂማላያ ግርጌ የመጡም ነበሩ። ወላጆቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማ ውጭ ወዳሉት ግዙፍ ጎተራዎች ይበርራሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ የማይበሉትን እህል ሲለቅሙና ሲያሽጉ ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ ይመለሳሉ። ልጆቹ ለትምህርት ሲነሱ እነሱ ይተኛሉ።

«እንደ እማዬ» አለ አንዱ ልጅ።

የሸማኔ ወፍ ጎጆ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከቅርንጫፍ ጫፍ የምትንጠለጠል፣ ከሣር ክር የምትሸመን ናት። ወፉ መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ላይ ቆሞ ጣራውን ይሸምናል፣ ሆዷን ይሸምናል፤ በሩ ወደ ታች ነው፣ የሚሠራውም በመጨረሻ ነው። ንግግራቸውም እንደ ጎጆአቸው ነው። ማን እንደሆነ ይነግሩሃል፤ መቼ እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ከማን ጋር፣ ምን ይዞ፤ ምን እንዳደረገ ግን ለመጨረሻ ያቆዩታል። «እናቴ ዛሬ ጠዋት ደክሟት ከሥራ...» ብለህ ዝም ብትል፣ ሰሚው አፍ አፍህን እያየ ይጠብቃል። ምን ሆነች? ቀረች? ታመመች? «መጣች» ስትል በሩ ተከፈተ፤ ሰሚው ገባ።

የአገሬው ወፍ ሮቢን ግን ሌላ ነው። ደረቱ የጡብ ቀለም አለው፣ ጎጆው ደግሞ ጣባ ይመስላል። ጥቂት ሣር ያኖርና ጭቃ ያመጣል፤ በደረቱ እየተጫነ ዙሪያውን ይድጠዋል። የቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚያ ጭቃ ነው። ንግግሩም እንደዚያው፤ ማን እንደሆነ ከተናገረ ትንፋሹን ሳይወስድ ምን እንዳደረገ ይናገራል። «ማይ ማዘር ኬም» ይላል፤ የቱም፣ መቼውም፣ ድካሙም ከዚያ በኋላ ይከተላል። ይኸም ጎጆ ነው፣ ያም ጎጆ ነው። በሁለቱም እንቁላል ይሞቃል።

የወፎቹ ትምህርት ቤት እዚሁ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው መናፈሻ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ወደ ምሥራቁ መስኮት ዞሩ። ቁጥቋጦዎቹ በመቀስ እየተከረከሙ የሰው ቅርጽ ይዘው ቆመዋል፤ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች፣ ጀልባ አለ፣ ውሻ አለ፣ ጦጣ ሳይቀር አለ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጆርጅ ሱራ በቀለም የሣለው የእሑድ ከሰዓት ሥዕል እዚህ በቅጠል ተደግሟል። ያ ግቢ ቀድሞ በ1829 የተመሠረተው የኦሃዮ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ነበር። በእጃቸው የሚናገሩ ልጆች፣ ጆሯቸው ሰምቶት የማያውቀውን እንግሊዝኛ መጻፍ የተማሩበት መሬት ነው። እኔ በዚያ ሣር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ያ ነገር ልቤን ይነካዋል።

በወፎቹ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ብርዱ ሳይወጣ አራት ሚዛን ይቀርባል፤ የመስማት፣ የመናገር፣ የማንበብ፣ የመጻፍ። ልጆቹ ሳቁ፤ የኦሃዮ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና መሆኑ ገብቷቸዋል፣ ሁሉም ተፈትነውታልና። ድሩ የሚባል ወጣት ሸማኔ ወፍ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሮቢን ልጆች ጋር ሲጫወት ማን ከማን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ አፉን ፈታ። የመስማትና የመናገር ሚዛኑ ደፋ አለለት። ማንበቡና መጻፉ ግን እንደ ድንጋይ ከበዱት። አባቱ «እንዲህ እየተንጣጣህ እንዴት መጻፍ ያቅትሃል? ስንፍና ነው!» ብሎ ተቆጣው።

እዚህ ላይ ለልጆቹ ያልነገርኩትን ለአንባቢ ልንገር። ጂም ከሚንስ የተባለ የካናዳ ምሁር ይህን ነገር ብዙ አጥንቶታል። የጨዋታ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይለመዳል፤ የመማሪያ ቋንቋ፣ ማለትም የመጽሐፉና የድርሰቱ ቋንቋ፣ አምስትም ሰባትም ዓመት ይፈልጋል። ልጁ አፉ ስለተፈታ እጁም የተፈታ የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው። ያ ልጅ ሰነፍ አይደለም። መንገድ ላይ ነው።

ሰማያዊዋ ወፍ ጄይ የድሩ መምህር ነበረች። ክፉ አልነበረችም፤ ብዙ ጫጩት ነበረባት፣ ጊዜ አልነበራትም። መንቁሯን ቀይ ፍሬ ውስጥ እየነከረች የተጣመመውን ሣር ሁሉ ታቀላለች። ድሩ አንድ ቀን የልቡን ሠርቶ አመጣላት፤ ትልቅ ጎጆ፣ ግማሹ የተንጠለጠለ፣ ግማሹ በጭቃ የተለጠፈ። ሲመለስለት 27 ቦታ ቀልቷል።

ታናሿ ቀና ብላ አየችኝ።

ድሩ የቱን ይንካ? ጣራውን ሲያቃና ሆዷ ይተረተራል፤ ሆዷን ሲጠግን ጭቃው ይረግፋል። ከዚያን ቀን ወዲህ የማይሳሳትበትን ብቻ መሥራት ጀመረ፤ ሦስት ሣር፣ ጠብታ ጭቃ፣ አለቀ። «አይ ላይክ ፉትቦል። ኢት ኢዝ ፈን።» ቀይ የለበትም፤ ጎጆም ግን አይደለም፤ እንቁላል የሚያስቀምጡበት ሆድ የለውም። እንዲህ የጻፉ ስንት ልጆች አይቻለሁ! በአማርኛ ወይ በቃል ንገረኝ ስትለው ስለ አያቱ ሞት፣ ስለ ስደቱ፣ ስለ ወንድሙ ለአንድ ሰዓት የሚያወራ ልጅ፣ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጽፎ እርሳሱን ያስቀምጣል።

የሸማኔ ወፎች ሽማግሌዎች ይህን ሰምተው በሳዮቶ ዳር ባለች አንዲት ግንደ ነጭ ሾላ መሰል ዛፍ ላይ ተሰበሰቡ። ጊዜው የሜይን ስትሪት ግድብ በ2013 ፈርሶ ወንዙ ጠበብ ብሎ መፍሰስ የጀመረ ሰሞን ነበር።

አንዱ ባለጸጋ ተነሥቶ፣ «ጎጆ ማንጠልጠሉን እንተወው» አለ። «ልጆቻችንን የጎተታቸው እሱ ነው። ቤት ውስጥም በጭቃ ብቻ እናውራ።» የሚገርመው፣ የባለጸጋው ልጆች ይህን አድርገው ነበር፤ እናቱ ከልጅ ልጆቿ ጋር በዓይን ብቻ ስትነጋገር ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላው ብድግ ብሎ፣ «ጭቃ የነካ መንቁር መንደራችን አይግባ! ዛሬ ጎጆውን ነገ ዘሩን ይረሳል» አለ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይወዳሉ። ሁለቱም የሚጮኹት ከፍርሃት ነበር።

ብዙ አገር የዞረች አንዲት የካናዳ ዝይ ከታች ከውሃው ላይ ሆና ሰማቻቸው። «በ1974 የዚህ አገር ጠቅላይ ሸንጎ ተቀምጦ ነበር» አለቻቸው። «ሳን ፍራንሲስኮ የሰፈሩ የቻይና ወፎች ከሰው፣ ልጆቻችን በማይገባቸው ቋንቋ ከሁሉ ጋር ተቀምጠው ምንም ሳያገኙ ይውላሉ ብለው። ሸንጎውም፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት አይደለም፤ ያልገባው ልጅ ከትምህርቱ ተዘግቶበታል ብሎ ፈረደ። መብት አላችሁ። ጠይቁ።» ሽማግሌዎቹ አመሰገኗትና ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። እስኪመሽ የትኛው ጎጆ ይሻላል ሲባባሉ፣ ከልጁ ጋር ማን ይቀመጥ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እነሱ ሲከራከሩ ግን ከቅርንጫፉ በላይ ሆና የምታዳምጥ ነበረች፤ የላም ወፍ።

«የላም በረት!» አለ ትንሹ ልጅ፣ ደስ ብሎት።

አዎ፣ የላም ወፍ። በዚህ አገር በእውነትም ያለች ወፍ ናት። የዱሮ ዘመን የጎሽ መንጋ እየተከተለች ትኖር ነበር ይባላል፤ መንጋው ደግሞ አይቆምም፤ ስለዚህ ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች። ከ200 በሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ጎጆ ውስጥ እንቁላሏ ተገኝቷል። ያቺ ወፍ ድሩ ዘንድ መጥታ፣ «ምን ያለፋሃል፣ የኔ ልጅ? ንገረኝና ባንድ ሌሊት ልሙላልህ» አለችው። ገንዘብ አልጠየቀችም። ድሩ ደክሞት ነበር። እሺ አላት።

በነጋታው ጎጆው ውስጥ አንድ ትልቅ የሚያብረቀርቅ እንቁላል ተገኘ። ጄይ አገላብጣ አየችው፤ አንድም የሚቀላ አጣች። የድሩ ስም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አባቱ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። እንቁላሉ ተፈለፈለ፤ ጫጩቱ ቀን በቀን እየገዘፈ ሄደ፤ አፉን ከፍቶ ይጮሃል፤ ለድሩ የመጣውን እህል ሁሉ እሱ ይውጠዋል። ከሥሩ የድሩ የራሱ ትንሽ እንቁላል ነበረች፤ የሚያሞቃት አጥታ ቀዘቀዘች።

አንድ ቀን ጄይ ድሩን ጠርታ፣ በቅን ልብ፣ «ይህን ሣር በዚህ በኩል ለምን እንዳጠፍከው ንገረኝ፤ በጣም ወድጄዋለሁ» አለችው። ድሩ አፉን ከፈተ። የሚናገረው አጣ። ጫጩቱ ከጀርባው ሆኖ መለሰለት፤ ድምፁ ያማረ፣ የማንም ያልሆነ። የበጋው መጨረሻ ላይ ጫጩቱ ክንፍ አውጥቶ በረረ፤ ድሩ ባዶ ጎጆ ታቅፎ ቀረ።

እዚህ ላይ ተረቱን ትንሽ ገታ አድርጌ እውነተኛ ነገር ነገርኳቸው። ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ በ1960ዎቹ የሸማኔ ወፍ ጫጩቶችን ሣርና ቅጠል ነፍገው አሳደጉ። ወፎቹ ካደጉ በኋላ ሣሩ ሲሰጣቸው መሸመን አቃታቸው። ሣር እየመዘዙ፣ እያበላሹ፣ እየፈቱ ያደጉት ግን ቀስ በቀስ እጃቸው እየተስተካከለ ሄደ። ሸማኔ ወፍ እንኳ ሸማኔ ሆኖ አይወለድም።

«ለምን ነፈጓቸው?» አለች ታናሿ፣ ፊቷ ተለውጦ። ለማወቅ ብለው ነው አልኳት። መልሱ አላረካትም፤ እኔም ልከራከራት አልፈለግሁም።

በተከታዩ ፀደይ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ ዓይናቸው የፈዘዘ አንድ አዛውንት ከጥግ ተናገሩ፤ የኔታ ነው የሚሏቸው። «እኔ የተፈለፈልሁት ጎጃም ነው፤ ዋሸራ፣ ከቅኔ ቤቱ ደጃፍ ዛፍ ላይ» አሉ። «ተማሪው ቆሎውን በኮሮጆው ይዞ ለብቻው ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን ይቆጥራል። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ያቺ ሳትቀና ወደ ሦስት ቤት አይሻገርም። ቆጥሮ ሲጨርስ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የተሰበረችውን ቦታ ያሳዩታል፤ ሞልተው ግን አይሰጡትም። ተመልሶ ዛፉ ሥር ይሄዳል። አንዳንዱ በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳል! እኔ ከላይ ሆኜ ሳይ፣ አንድም ቀን መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሲቆጥሩለት አላየሁም። አንድም ቀን ደግሞ ሳያዳምጡ ሲመልሱት አላየሁም። እስቲ ንገሩኝ፤ የድሩን ማን ተቀምጦ አዳመጠው?»

ዛፉ ላይ ጸጥታ ወደቀ።

«እኔ ልቀመጥ፣ የኔታ» የሚል ድምፅ መጣ። ቢጫ ደረት ያላት፣ ከደቡብ ገና መግባቷ የሆነች ኦሪዮል ናት። የዚሁ አገር ወፍ ናት፤ ግን እሷም ጎጆዋን ከሣርና ከክር ሸምና ከቅርንጫፍ ጫፍ ታንጠለጥላለች። ክረምቱን መካከለኛው አሜሪካ ከርማ በፀደይ ኦሃዮ ትመጣለች፤ ሁለት አገር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። «ሣሩን ግን እኔ አልነካም» አለች። «በልጁ መንቁር ነው የሚያዘው።»

ኦሪዮል መጀመሪያ ያደረገችው፣ ያንን የቀላውን አሮጌ ጎጆ አስመጥታ ከድሩ ጋር ምልክቶቹን መለየት ነበር። አሥራ ሁለቱ «ዘ» ወይም «ኤ» የሚጎድልባቸው ቦታዎች ሆኑ። ስምንቱ የአንዲት «ስ» ጉድለት። አራቱ ግሡ መጨረሻ ላይ ተሰቅሎ የቀረባቸው። ሦስቱ የፊደል ግድፈት። «27 አይደሉም» አለችው። «አራት ናቸው። ለዛሬ አንዱን ምረጥ።»

ታናሿ ክርኗን ከወረቀቷ ላይ አነሣች። ቀስ ብላ በእርሳስ መቁጠር ጀመረች። እኔ ሳላቋርጥ ቀጠልኩ።

ድሩ ግሡን መረጠ። ጎጆው ላይ፣ «ማይ ማዘር ዚስ ሞርኒንግ ታየርድ ፍሮም ወርክ ኬም» የሚል ነበረ። ኦሪዮል «ተሳስተሃል» አላለችውም። «ይህ በእናንተ ቤት ልክ ነው፤ በሩ መጨረሻ ላይ ነው» አለችው። «እዚህ አገር ግን እንግዳ ደጅ ላይ ብዙ አይጠብቅም። ማን እንደሆነ ከነገርከው በኋላ በሩን ክፈትለት።» ድሩ «ኬም»ን መዘዛት። «ማይ ማዘር» አጠገብ አስቀመጣት። የቀረውን ከኋላዋ ደረደረ፤ «ማይ ማዘር ኬም ሆም ፍሮም ወርክ ታየርድ ዚስ ሞርኒንግ»። ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። ጆሮው ተቀበለው።

በሌላው ቀን «ዘ» መጣች። «እኛ ጋ እሷ የለችም» አላት ድሩ። «አለች እንጂ» አለችው ኦሪዮል፣ «እናንተ ጋ ከጅራት ነው የምትቀመጠው። አንዲት ወፍ መጣች። ከዚያስ?» «ወፏ ርቧት ነበር።» «ተመልከት! መጀመሪያ አንዲት ወፍ አልክ። ከተዋወቅን በኋላ ወፏ አልክ። ያቺ የጅራት ድምፅ ናት እዚህ ከፊት ቆማ ዘ የምትባለው፤ ኤ በርድ ኬም፤ ዘ በርድ ዋዝ ሀንግሪ።» ድሩ ክንፉን መታ። ከእናቱ ጋር ሲያወራ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠቀምባት የኖረ ነገር ናት።

«ስ»ን ግን ወዲያው አልያዛትም። ሺ ጎዝ፣ ሂ ጎዝ። «እናንተ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ትሄዳለች ትላላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩ ላባ አለው» አለችው። «ይህም ቋንቋ ጥንት ላባው ብዙ ነበር፤ ረግፎ ረግፎ በአሁን ጊዜ ግሥ ላይ የቀረችው ይቺ አንዲት ስ ናት። እዘንላትና ለግሡ አልብሳት።» ወር ሙሉ ረሳት። ኦሪዮል ወር ሙሉ፣ ሳትቆጣ፣ «ላባዋስ?» አለችው።

አንድ ጎህ ላይ የድሩ እናት ከጎተራው ስትመለስ ኦሪዮል ጠበቀቻት። «እኔ እኮ እንግሊዝኛ የለኝም፣ እትዬ» አለች እናት፣ ገና ሳትጠየቅ፣ ዓይኗን ሰብራ። «ምን ልረዳው እችላለሁ? እኔ እህል ማሸግ ነው የማውቀው።»

«እንግሊዝኛ አልጠየቅሁሽም» አለቻት ኦሪዮል። «ከመጻፉ በፊት ነገሩን ለአንቺ ይንገርሽ፤ በቋንቋችሁ። አንቺ ከዚያስ እያልሽ ጠይቂው።»

እናት ክንፏን ጥላ ጎጆዋ አፍ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ አብጧል። ድሩ ስለ አያቱ ይነግራት ጀመር። ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግሮ አቆመ። «ከዚያስ?» አለች። ጨመረ። «ከዚያስ? ያን ጊዜ ምን ይሸት ነበር? አያትህ ምን አሉ?» ድሩ የረሳው መስሎት የነበረው ሁሉ መጣ፤ የጣና ዳር ጢስ፣ የዝናቡ ሽታ፣ የአያቱ ሳል። ፀሐይ ስትወጣ እናቱ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ድሩ ግን የሚጽፈው ነገር ከሣሩ በልጦበት ነበር።

ይህን ስናገር ድምፄ ትንሽ ተሰብሯል። በዚህ ከተማ ያሉትን እናቶች ፊት ስለማውቀው ነው። በ2000 በኮሎምበስ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት ለልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ድጋፍ፣ ለወላጆች የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል፤ ይህ ቤተ መጻሕፍትም የቤት ሥራ የሚያግዝበት ክፍል አለው፣ ክፍያ የለውም። ቦታው አለ። የጎደለው ብዙ ጊዜ እናትዮዋ «እኔ ምንም የለኝም» ብላ ማመኗ ነው። ልጇን ዐረፍተ ነገር መሸመን ያስተማረችው እኮ እሷ ናት።

የድሩ የመጨረሻ ችግር ኦሪዮልንም ዝም ያሰኛት ነው። ስለ አያቱ ሲጽፍ «ሺ» ላይ ደርሶ እጁ ቆመ። «እትዬ፣ አያቴን አንቺ ብዬ አላውቅም። እሳቸው ነው የምለው። እዚህ እሳቸው በምን ይጻፋል?» አላት። ኦሪዮል ብዙ አሰበች። «የለንም» አለችው። «ለንጉሡም ለሕፃኑም ያለን ዩ ብቻ ነው። ለሩቁ ሰው ሂ እና ሺ። የለንም፣ ልጄ።»

ድሩ አንድ ቀን ሙሉ ሣር ሳይነካ ዋለ። ሲመሽ አንድ መስመር ጻፈ፤ «ኢን አወር ሀውስ ኖባዲ ታችስ ዘ ብሬድ ቢፎር ማይ ግራንድማዘር ብሌስስ ኢት።» በእኛ ቤት፣ አያቴ ሳይባርኩት ዳቦውን የሚነካ የለም ማለት ነው። ኦሪዮል አነበበችው። ደገመችው። በሩ በቦታው ነው፤ ዘ በቦታዋ ናት፤ ላባዋ ሁለቱም ግሦች ላይ ተለብሳለች። «እሳቸው»ም እዚያው ውስጥ አሉ፤ አንድም ቃል ሳይጠራቸው።

ሽማግሌዎቹ? እነሱ እስከ ዛሬ ዛፉ ላይ ይከራከራሉ። ባለጸጋው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱን ይዞ ወደ ኦሪዮል ቅርንጫፍ ሲመጣ ታይቷል፤ የልጅ ልጆቿ ለአያታቸው እንዲነግሩ፣ አያታቸውም «ከዚያስ» እንዲሉ።

«የላም ወፏስ?» አለ ትንሹ ልጅ።

አሁንም አለች፤ የደከመው ልጅ ትፈልጋለች። ሮቢን የእሷን እንቁላል ለይቶ ከጎጆው ያወጣዋል፤ ኦሪዮልም እንዲሁ። ድሩ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ምን እንዳላት አላውቅም፤ እናንተ ንገሩኝ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ዳቦ አልነበረም፤ አንዱ ልጅ ከኪሱ የኦቾሎኒ ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ። ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ መብራት በራ፤ የአንዷ እናት ወደ ሌሊት ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ልጇን ልትወስድ መጥታለች። ሌሎቹ ቦርሳቸውን ሲሰበስቡ ታናሿ አልተነሣችም። ቀይ የበዛበትን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ፣ ከኔ ደብተር አንድ ንጹሕ ገጽ ገነጠለች።

«ጋሼ፣ ተረትህን በጽሑፍ ብመልሰው ይሆናል?»

«በምን ቋንቋ?»

አልመለሰችልኝም። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። «ዘ በርድ» ብላ ጻፈች። ቆም ብላ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ በአማርኛ ለራሷ የሆነ ነገር አለች። ከዚያ እርሳሱን ገልብጣ በላጲሱ «ዘ»ን አጠፋችና በቦታው «ኤ» ጻፈች።